ከችሎት መዝገብ እስከ ተውኔት፦ ፍሎራንስ ደሌና የመካከለኛው ዘመን ቃል

የጥንት ጽሑፍ ተመራማሪ ዘወትር የሚገጥመው ጥያቄ አለ። በብራና ላይ የቀረው ቃል ሲነገር ምን ዓይነት ድምፅ ነበረው? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአንዲት ፈረንሳዊት ምሁር ሥራ አማካይነት ለማብራራት ይሞክራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ፍሎራንስ ደሌ (1941-2025) በመጀመሪያ የታወቁት በመምህርነታቸው አልነበረም። ሃያ ዓመት ገደማ ሳሉ፣ ሮቤር ብሬሶን ባዘጋጁትና በ1962 ለእይታ በበቃው «የዣን ዳርክ ችሎት» በተሰኘው ፊልም ዣን ዳርክን ሆነው ተጫወቱ። ኋላም በፓሪስ ሶርቦን ኑቬል ዩኒቨርሲቲ የንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኑ፤ በ2000 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆነው ተመረጡ።

ይህን ሕይወት ለሁለት ከፍሎ ማየት ይቻላል። ይሁን እንጂ የፊልሙ ንግግር ምንጭ ሲመረመር የሁለቱ ዝምድና ይገለጣል። ብሬሶን የተመረኮዙት በ1431 በሩዋን ከተማ በተካሄደው ችሎት መዝገብ ላይ ነው። ዣን ዳርክ ፊደል ያልቆጠረች የገጠር ልጅ ነበረች። ቃሏን የመዘገቡት የፈረደባት ችሎት ጸሐፍት ሲሆኑ፣ በፈረንሳይኛ የያዙት ማስታወሻም በኋላ ወደ ላቲን ተመልሷል። እንግዲህ ድምፅዋ እኛ ዘንድ የደረሰው ለሞት አሳልፈው በሰጧት ሰዎች ብዕር ነው።

ያም ሆኖ ቃሉ አልሞተም። ለምሳሌ ያህል፣ በእግዚአብሔር ጸጋ ውስጥ መሆን አለመሆኗን ተጠይቃ ነበር። «ነኝ» ብትል በትዕቢት ትከሰሳለች፤ «አይደለሁም» ብትል በራሷ ላይ ትመሰክራለች። እሷ ግን ከጸጋው ውጭ ከሆነች እንዲያስገባት፣ ውስጥ ከሆነችም እንዲያኖራት እግዚአብሔርን በመለመን መለሰች። የመልሱ ኃይል ከአነጋገር ጌጥ ሳይሆን ከሁለቱ ሐረጎች ሚዛን የመጣ ነው። መልሱ ግን ሕይወቷን አላተረፈም፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 30 ቀን በእሳት ተቃጠለች። ፍርዱ የተሻረው በ1456 ነው።

ብሬሶን በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎችን እየመረጡ፣ ስሜትን በፊትና በድምፅ ማጋነንን ይከለክሉ ነበር። በዚህም ምክንያት በፊልሙ የሚሰማው ቃሉን የሚያስጌጥ ሳይሆን ቃሉን የሚያደርስ ድምፅ ነው።

የደሌ የኋላ ሥራም ከዚህ አይርቅም። ከባለቅኔው ዣክ ሩቦ ጋር በመተባበር፣ ስለ ንጉሥ አርተርና ስለ ቅዱሱ ጽዋ ፍለጋ የሚተርኩትን የመካከለኛው ዘመን ታሪኮች «ግራል ቴአትር» በሚል ርእስ አሥር ተውኔቶች አድርገዋቸዋል። በ1970ዎቹ የተጀመረው ይህ ሥራ የተጠናቀቀው በ2005 ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የታተመውንና ከዳር እስከ ዳር በንግግር የተዋቀረውን የስፔን ድርሰት «ላ ሴለስቲና»ንም ወደ ፈረንሳይኛ መልሰዋል።

በአጠቃላይ የጥንት ጽሑፍ ጥናት የቃላት ፍቺና የቅጂዎች ንጽጽር ብቻ አይደለም። ጽሑፉን ድምፅ ሰጥቶ ማንበብም የጥናቱ አካል ነው፤ በተለይ ተናጋሪዋ ቃሏን በእጇ ለመጻፍ ዕድል ሳታገኝ በቀረችበት ጊዜ።