የሴንሰሮች የ5 ቮልት መስመር ብልሽት

የሴንሰሮች የ5 ቮልት መስመር፣ መካኒኮች «ሪፈረንስ ቮልቴጅ» የሚሉት፣ የመኪና ሞተርን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ለሴንሰሮቹ የሚልከው የተመጠነ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ነው። ኮምፒውተሩ ከባትሪው 12 ቮልት ይቀበልና በውስጡ ባለው ክፍል ወደ 5 ቮልት ዝቅ አድርጎ ያከፋፍለዋል። ይህ መስመር ሲበላሽ ጤነኛ ሴንሰሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ የተበላሹ ስለሚመስሉ፣ ባለቤቱ ሳያስፈልግ ሴንሰር፣ አንዳንዴም ውዱን ኮምፒውተር ሊገዛ ይችላል።

የመስመሩ አሠራር

የባትሪ ቮልቴጅ አይረጋም። ሞተር ሲነሳ ወደ 10 ቮልት ሊወርድ፣ ዲናሞው ሲሞላ ደግሞ ከ14 ቮልት ሊያልፍ ይችላል። ሴንሰር በእንዲህ ያለ አቅርቦት ቢሠራ የሚልከው ምልክት ከሚለካው ነገር ይልቅ የባትሪውን ሁኔታ ይናገር ነበር። ስለዚህ አብዛኛዎቹ ሴንሰሮች ሦስት ሽቦ አላቸው፦ አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ ሁለተኛው ኔጋቲቭ ነው፣ ሦስተኛው ምልክቱን ወደ ኮምፒውተሩ ይመልሳል። የነዳጅ መስጫ ፔዳል፣ የአየር ማስገቢያ ግፊት (ማፕ)፣ የነዳጅ ግፊትና የኤሲ ጋዝ ግፊት ሴንሰሮች በአብዛኛው በዚህ ይሠራሉ። በቶዮታ የሽቦ ንድፎች ላይ 5 ቮልቱ «ቪሲ»፣ የሴንሰሮቹ ኔጋቲቭ «ኢ2» ተብለው ተጽፈው ይገኛሉ።

ሁሉም ሴንሰር ግን የዚህ መስመር ጥገኛ አይደለም። የተለመደው የኦክስጅን ሴንሰር ቮልቴጁን ራሱ ያመነጫል። የውሃ ሙቀት ሴንሰር 5 ቮልት ቢያገኝም በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ ሬዚስተር በኩል ስለሆነ፣ የእሱ ሽቦ ከኔጋቲቭ ጋር ቢነካካ ሌሎቹን አያጠፋም።

ምልክቶቹ

በአንድ መስመር ላይ ብዙ ሴንሰሮች ስለሚጋሩ፣ አንዱ በውስጡ ሾርት ካደረገ የሁሉም 5 ቮልት ይወድቃል። ሞተሩ አይነሳም ወይም ፔዳል ሲረገጥ አይታዘዝም። የምርመራ ማሽን ሲሰካ ከአምስትና ከስድስት ሴንሰር የመጡ ኮዶች ይደረደራሉ። ስድስት ሴንሰር በአንድ ቀን አይበላሽም፤ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲታይ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የጋራ መስመሩ ነው። ኮዶቹ ራሳቸውም አንዳንድ ጊዜ ይናገራሉ፦ ፒ0641 የመጀመሪያው መስመር ችግር እንዳለበት፣ ፒ0642 ዝቅ እንዳለ፣ ፒ0643 ከፍ እንዳለ ያመለክታሉ። ለሁለተኛው መስመር ፒ0651፣ ፒ0652 እና ፒ0653 ናቸው።

አንዳንድ የቶዮታ መኪኖች ላይ ቪሲ ከኔጋቲቭ ጋር ሲነካካ የኮምፒውተሩ ማይክሮፕሮሰሰር ራሱ ይቆማል። ቁልፍ ሲከፈት የቼክ ኢንጅን መብራት አይበራም፣ የምርመራ ማሽኑም ከኮምፒውተሩ ጋር መነጋገር ያቅተዋል። ኮምፒውተሩ ሞቷል ተብሎ የሚፈረድበት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የአንዲት ትንሽ ሴንሰር ሊሆን ይችላል።

ምርመራው

ባትሪው ጤነኛ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ይከፈትና ከአንድ ሴንሰር ሶኬቱ ተነቅሎ በ5 ቮልቱና በኔጋቲቩ መካከል በመልቲሜትር ይለካል። ከ4.8 እስከ 5.2 ያለ ንባብ በአብዛኛው ደህና ነው። የአምፖል መፈተሻ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መስመሩ ሊሸከመው የማይገባ ከረንት ይስባል።

ንባቱ ዜሮ ወይም ዝቅተኛ ከሆነ መልቲሜትሩን ሳያነሱ መስመሩን የሚጋሩትን ሴንሰሮች አንድ በአንድ መንቀል ነው። ቮልቱ የተመለሰው የትኛው ሲነቀል እንደሆነ ከታየ ጥፋተኛው እሱ ነው። መከላከያው አንዴ ከዘጋ የማይከፍት ኮምፒውተር ስላለ፣ ከእያንዳንዱ ንቅል በኋላ ቁልፉን ዘግቶ መክፈት ይሻላል። ሁሉም ተነቅለው ቮልቱ ካልመጣ ቁልፉ ይዘጋል፣ ባትሪውና የኮምፒውተሩ ሶኬት ይነቀላሉ፣ 5 ቮልቱ ሽቦ ከኔጋቲቭ ጋር መነካካቱም በኦም ይለካል። ሽቦው ንጹሕ ሆኖ ኮምፒውተሩም የራሱን 12 ቮልትና ኔጋቲቭ በትክክል እያገኘ ከሆነ ብቻ ነው ኮምፒውተሩ የሚጠረጠረው። ንባቱ ከ5 ቮልት በግልጽ ከበለጠ ደግሞ ሽቦው ከ12 ቮልት መስመር ጋር ተነካክቷል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የኔጋቲቩ መቆረጥ ነው። የመልቲሜትሩ ጥቁር ሽቦ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ከሆነ 5 ቮልቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ሴንሰሮቹ ግን መመለሻ ስለሌላቸው ምልክታቸው ወደ 5 ቮልት ይወጣል። ስለዚህ አንዴ ከባትሪው፣ አንዴ ከሴንሰሩ የራሱ ኔጋቲቭ ጋር መለካት ያስፈልጋል።

ከፍታና የተሳሳተ ንባብ

ጉለሌ በእንጦጦ ግርጌ ያለ የሰሜን አዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ነው። በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በሽሮ ሜዳ አካባቢ ወደ 75 ገደማ ይወርዳል። ሞተር ሳይነሳ ከማፕ ሴንሰር የሚወጣው ምልክትም ለዝቅተኛ ቦታ በተጻፈ የጥገና መጽሐፍ ላይ ካለው ያንሳል። መጽሐፉን ብቻ ያየ ሰው ጤነኛ ሴንሰር ሊጥል ይችላል።

ተቃራኒው ስሕተት የበለጠ ይደበቃል። ዝገት በያዘ ሶኬት ምክንያት ለማፕ ሴንሰሩ የሚደርሰው 5 ቮልት ወደ 4.5 ቢወርድ፣ ምልክቱም አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። መኪናው ሽሮ ሜዳ ቆሞ ሳለ ኮምፒውተሩ እንጦጦ አናት ላይ ያለ ይመስለዋል። በዚህ ሴንሰር የነዳጁን መጠን በሚወስኑ ሞተሮች ነዳጁ ያንሳል፣ ዳገቱ ላይም ጉልበት ይጠፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ ቀድሞውኑ ሩብ ያህል ጉልበቱን ስለሚያጣ ሾፌሩ ዳገቱን ይወቅሳል። የአቅርቦቱን ቮልት ሶኬቱ እንደተሰካ ከኋላው መለካት ነገሩን ይለያል።

በክረምት ዝናብና በሞተር እጥበት ወደ ሶኬት የሚገባ ውሃ፣ ከብረት ጋር እየተፋተገ የተላጠ ሽቦ፣ አይጥ የበላው መስመርና አላርም ሲገጠም የተቀጠለ ሽቦ የተለመዱ መነሻዎች ናቸው። ብልሽቱ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ መልቲሜትሩ ተሰክቶ ሽቦዎቹ በእጅ ይነቀነቃሉ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ቢወስንም ጉዳዩ ከጋራዥ አይወጣም። በመንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ሽቦ እያረጀ ይሄዳል፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች የፔዳል ሴንሰርም በተለምዶ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው።