መዥገር በወረንጦ እንጂ በላምባ አይነቀልም

ከሐሙሲት ጉማራን ተሻግሮ እስከ ወረታና ርብ ወንዝ የሚዘልቀው ሜዳ በሩዝ ምርቱና በፎገራ የከብት ዝርያው ይታወቃል። የፎገራ ላም በወተቷ ተመራጭ ናት። የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከልም ዝርያውን ለመጠበቅና ለማሻሻል ሲሠራ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ይህን ሀብት ከሚፈታተኑት ጥገኛ ተባዮች አንዱ መዥገር ነው፤ ጉዳቱም ከከብቱ አልፎ ለእረኛውና ለአላቢዋ ይተርፋል።

አምብሊዮማ የተባለው ዥንጉርጉር መዥገር አፉ ረዥም በመሆኑ ጥልቅ ቁስል ያደርሳል። በላሟ ግት ላይ ያለው ቁስል ካመረቀዘ የጡቱ ጫፍ ሊደፈን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥጃውም ቤተሰቡም ወተት ያጣሉ። በቆዳው ላይ የሚቀረው ጠባሳም የቆዳውን ዋጋ ያወርዳል።

ይኸው መዥገር በሰው ላይ ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለ ተህዋሲ ያስተላልፋል። ለሳይንስ ከሚታወቁት የተህዋሲው ናሙናዎች አንዱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 በኢትዮጵያ ከከብት ላይ ከተለቀመ መዥገር ነው። የበሽታው ምልክቶች ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ የንፍፊት ማበጥና በተነከሰው ቦታ ላይ የሚታይ ጥቁር ቅርፊት ናቸው።

ታዲያ መዥገር ሰውነት ላይ ሲገኝ ምን ይደረግ? ላምባ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል ወይም በቅቤ ማፈን መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ይህ ግን መዥገሩን ያስቆጣዋል፤ ምራቁንም ወደ ቁስሉ እንዲተፋ ሊያደርገው ይችላል። ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት በሰው ገላ ላይ መቀባትም ለመመረዝ ያጋልጣል።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። እሾህ በሚነቀልበት ወረንጦ መዥገሩን ከሆዱ ሳይሆን ከአፉ በኩል፣ ቆዳውን አስጠግቶ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያም ሳይጠመዝዙና ሳይጨፈልቁ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ወረንጦ ከሌለ ጣትን በጨርቅ ወይም በላስቲክ ሸፍኖ መንቀል ይቻላል። የአፉ ስባሪ ቆዳ ውስጥ ከቀረና በቀላሉ ካልወጣ በመርፌ መቆፈር አይገባም፤ ቆዳው ራሱ ይገፋዋል። ቦታውንና እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ ካለም ቁስሉን በአልኮል ማጽዳት ይገባል።

የተነቀለውን መዥገር በጥፍር መጨፍለቅም፣ በረት ውስጥ መጣልም ስህተት ነው። ደም የጠገበች አንዲት እንስት መዥገር በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ከሰውም ሆነ ከላም የተነቀለ መዥገር ላምባ ባለበት ክዳናም ዕቃ ውስጥ ይጨመር። ላምባው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

በተከታዮቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ትኩሳት የተሰማው ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ መዥገር ነክሶት እንደነበርም ይንገር። አካባቢው ወባማ በመሆኑ ትኩሳትን ሁሉ ወባ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። የወባ ምርመራው መደረጉ ግድ ነው፤ ውጤቱ ነጻ ከሆነ ግን የመዥገሩ ነገር መዘንጋት የለበትም። በሽታው ሐኪም በሚያዘው ዶክሲሳይክሊን ይድናል።

ለከብቶች የሚረጨው ፀረ መዥገር በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክርና በተጻፈው መጠን ይሁን፤ ወተት ሳይጠጣ የሚቆይበት ጊዜም ይከበር። የወረዳ ግብርናና ጤና ጽሕፈት ቤቶች እዚህ ላይ ሊተባበሩ ይገባል። ባለሙያው ለከብቱ መድኃኒት ሲረጭ ለእረኛው ስለ ወረንጦው ቢነግረው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ትኩሳት ይዞት የመጣውን ሁሉ “መዥገር ነክሶህ ነበር?” ብላ ብትጠይቅ፣ ያለ ተጨማሪ በጀት የብዙዎችን ጤና መታደግ ይቻላል።