ሥራን ለብዙ ሰርቨሮች ስለ ማከፋፈል

በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ አንድ ሻጭ ብቻ የቆመ እንደ ሆነ፥ በበዓል ዋዜማ ገዢው ተሰልፎ ሲጠብቅ ይውላል፤ ሻጩም የታመመ ዕለት መደብሩ ይዘጋል። ስለዚህ ብልኅ ነጋዴ ገበያው ሲሰፋለት የሻጮቹን ቍጥር ይጨምራል። ዛሬ ብዙ የንግድ ድርጅቶች ትእዛዝ የሚቀበሉትና ሒሳብ የሚያስከፍሉት በኮምፒዩተር አማካይነት እንደ መሆኑ መጠን፥ ይኸው የቆየ የንግድ ጥበብ ለሰርቨሮችም የሚያገለግል ሆኖ ተገኝቷል። ብዙ ሰርቨሮች ተባብረው እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩበት ማኅበር ክላስተር ይባላል፤ የመጣውን ሥራ ለአባሎቹ የማከፋፈሉም ዘዴ ሎድ ባላንሲንግ ተብሎ ይጠራል።

አሳቡ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. የስልክ ጥሪዎች የሚመጡበትን ሥርዓት በሒሳብ የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተመ። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ጥሪዎች እንዳይመለሱ ወይም ብዙ እንዳይጠብቁ ምን ያህል መስመር እንደሚያስፈልግ የሚገመትበትን ቀመር አወጣ። ስሙም እስከ ዛሬ የስልክ ጭነት መለኪያ ሆኖ ይኖራል።

በሰርቨሮች ረገድ በሰፊው ከታወቁት ዘዴዎች አንዱ የማይክሮሶፍት ነው። ይህ ኩባንያ በ1998 ዓ.ም. ቫለንስ ሪሰርች የተባለውን ድርጅት ገዝቶ የሥራ ማከፋፈያ ፕሮግራሙን የራሱ አደረገ፤ ከዚያም ኔትወርክ ሎድ ባላንሲንግ ብሎ ሰይሞ ከዊንዶውስ 2000 አድቫንስድ ሰርቨር ጋራ አቀረበው። በዚህ ዘዴ እስከ 32 የሚደርሱ ሰርቨሮች በአንድ ክላስተር ውስጥ ሊታቀፉ ይችላሉ።

አሠራሩም የሚከተለው ነው። ሰርቨሮቹ ሁሉ ለውጭ ሰው የሚታየውን አንድ የጋራ አድራሻ ይይዛሉ። ከደንበኛው የሚመጣው መልእክት ለሁሉም በአንድነት ይደርሳል፤ እያንዳንዱም ሰርቨር የላኪውን አድራሻ ተመልክቶ በአንድ ዐይነት ስሌት ያሰላና፥ ድርሻው ከሆነ ይቀበላል፥ ካልሆነም ይተወዋል። ስሌቱ ለሁሉ አንድ ስለ ሆነ ሁለት ሰርቨሮች ለአንድ ደንበኛ አይሻሙም። በመካከላቸውም ሥራ የሚያዝ አለቃ አያስፈልግም።

ይህንን ለማቋቋም አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ሰርቨር የማይለዋወጥ የራሱ አድራሻ ይሰጠዋል። ቀጥሎ የክላስተሩ ስምና የጋራው አድራሻ ይወሰናል፤ ለየአባሉም ከ1 እስከ 32 ካለው ቍጥር ከሌላው ጋራ የማይመሳሰል ተራ ይመደብለታል። ከዚያ በኋላ የትኛው የአገልግሎት በር ለሁሉ እንዲከፋፈል በደንብ ይጻፋል፤ ለምሳሌ ለድረ ገጽ መደብር በር ቍጥር 80 እና 443 ናቸው። ዩኒካስት በሚባለው አኳኋን ሰርቨሮቹ የኔትወርክ ካርዳቸውን መለያ ቍጥር አንድ ስለሚያደርጉ፥ በዚያው ካርድ እርስ በርሳቸው ሊነጋገሩ አይችሉም፤ ስለዚህ ለየአንዳንዳቸው ሁለተኛ ካርድ ቢጨመር ይበጃል። ስዊቹም መልእክቱን ለሁሉም በሮቹ ስለሚያሰራጭ፥ የቢሮው ሌላ ሥራ እንዳይጨናነቅ ክላስተሩን በተለየ የኔትወርክ ክፍል ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

የደንበኛው መዝገብ ጕዳይም አለ። ገዢው ዕቃ መርጦ በአንደኛው ሰርቨር ላይ ካስመዘገበ በኋላ፥ ክፍያው ወደ ሁለተኛው ቢሄድ የመረጠው ዕቃ ሊጠፋበት ይችላል። ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን ከአንድ አድራሻ የሚመጣውን ደንበኛ ዘወትር ወደ አንዱ ሰርቨር መምራት ይቻላል። ይሁን እንጂ ያ ሰርቨር የወደቀ እንደ ሆነ መዝገቡም አብሮ ስለሚጠፋ፥ መዝገቡን ሁሉም ሊያነብበው በሚችል የጋራ ግምጃ ቤት ማኖር ይበልጥ የታመነ ነው።

ሰርቨሮቹ በሕይወት መኖራቸውን የሚያስታውቁት እንደ ልብ ትርታ በየሴኮንዱ አጭር መልእክት እየላኩ ነው። ከአንዱ አምስት ጊዜ ምልክት የቀረ እንደ ሆነ፥ ሌሎቹ እርሱን ከቍጥር አውጥተው ድርሻውን ይካፈሉታል።

ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። የልቡ ትርታ የሚያስታውቀው ኮምፒዩተሩ መኖሩን እንጂ፥ በላዩ የተጫነው የሽያጭ ፕሮግራም መሥራቱን አይደለም። ከሦስቱ ሰርቨሮች በአንደኛው ላይ ፕሮግራሙ ቢቆም፥ ትርታው ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል ባልንጀሮቹ ደኅና ነው ብለው ድርሻውን ይተዉለታል። ከደንበኞቹም ሲሶው ያህል ባዶ በር እያንኳኳ ይመለሳል። ይልቁንም የሚያሳዝነው፥ የድርጅቱ ባለቤት ከቢሮው ሆኖ ሲመረምር አድራሻው ዘወትር ወደ ደኅናው ሰርቨር ይመራ እንደ ሆነ፥ እርሱ ሁሉ የተሟላ ሆኖ ያገኘዋል፤ ቅሬታ ያቀረበውንም ደንበኛ አያምነውም። ሻጩ በቦታው ቆሟል ማለት ይሸጣል ማለት አይደለም።

ስለዚህ የየሰርቨሩን የግል አድራሻ እየጠራ የሽያጩን ገጽ በእውነት የሚጠይቅ፥ ትክክለኛ መልስ ያልሰጠውንም ከክላስተሩ የሚያስወጣ ተቈጣጣሪ ፕሮግራም መጨመር ግዴታ ነው። ፈረንሳዊው ዊሊ ታሮ በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረበው ኤች ኤ ፕሮክሲን የመሰሉ ሌሎች ማከፋፈያዎች ደግሞ በሰርቨሮቹ ፊት ቆመው ይህንን ምርመራ ራሳቸው ያደርጋሉ። ነገር ግን በፊት የቆመው አንድ ብቻ ከሆነ፥ የእርሱ መውደቅ የሁሉ መውደቅ ስለሚሆን ለእርሱም ምትክ ሊዘጋጅለት ይገባል።

የአቅምም ሒሳብ ሊዘነጋ አይገባም። እያንዳንዳቸው እስከ 100 ደንበኛ ማስተናገድ የሚችሉ ሦስት ሰርቨሮች 80 ፥ 80 ደንበኛ ይዘው ሳለ አንዱ ቢወድቅ፥ የቀሩት ሁለቱ 120 ፥ 120 ይደርሳቸዋል፤ ይህም ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ ተከታትለው ሊወድቁ ይችላሉ። የየአንዳንዱ ጭነት ከ66 ያላለፈ ቢሆን ኖሮ ግን ሁለቱ ተሸክመው ይዘልቁ ነበር። እንግዲህ ትርፍ ሆኖ የሚታየው አቅም የጠፋ ገንዘብ ሳይሆን፥ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነው።

ይህ ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ የሚቀረው መፈተን ነው። ገበያ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፥ መጀመሪያ የአንዱን ሰርቨር ገመድ መንቀል፤ በሌላ ጊዜም ገመዱን ሳይነኩ ፕሮግራሙን ብቻ ማቆምና ደንበኛው ምን እንደሚገጥመው መመልከት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ፈተና አልፎ በሁለተኛው የሚወድቅ ክላስተር ገና አልተፈጸመም። ጕድለቱን በበዓል ዋዜማ ከደንበኛው አፍ ከመስማት፥ በጸጥታ ቀን ከባለሞያው ጋራ ሆኖ ማግኘት ለነጋዴው ይሻለዋል።