የቤት ሥራና የአጨዳ ወቅት፦ ልጅ በክፍል እንዲያዳምጥ ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

«ልጁ በክፍል አያዳምጥም፤ የቤት ሥራውንም አይጨርስም» የሚል ቅሬታ በወላጆችና በመምህራን ስብሰባ ላይ ተደጋግሞ ይነሣል። ቅሬታውን ብዙ ጊዜ የሚከተለው ተግሣጽ ነው፤ ልጁ ሰነፍ ወይም ረባሽ ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ትኩረት የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጁ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ቁርስ መብላት አለመብላቱ፣ ሰሌዳውን አጥርቶ ማየት መቻሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛው ትምህርት እንዳመለጠው ትኩረቱን ይወስናሉ። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በጊንጪና በዙሪያዋ ካለው አኗኗር ጋር አያይዞ ያብራራል።

ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የምትገኝ የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው መሬት አብዛኛው በክረምት ውኃ የሚያቁር ጥቁር አፈር በመሆኑ የእርሻው ሥራ የራሱ ጊዜ አለው። ጤፍ ክረምቱ ከገፋ በኋላ ይዘራል፤ ሽምብራና ጓያ ዝናቡ ሲያባራ መሬቱ በያዘው እርጥበት ይበቅላሉ። የጤፉ አጨዳ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል። የደረሰ ጤፍ ከቆየ ስለሚረግፍ ቤተሰቡ መቻኮሉ ምክንያት አለው፤ ከብት የሚጠብቅ፣ ነዶ የሚያቀብል፣ ቤት ውስጥ ሕፃን የሚይዝ እጅም ይፈለጋል። ይህ ወቅት ግን የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ትምህርት የሚጠነክርበትና የማጠቃለያ ፈተናው የሚቃረብበት ጊዜ ነው።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ከአጨዳው በኋላ ነው። ለሁለት ሳምንት ከትምህርት ገበታው የቀረ ተማሪ ሲመለስ መምህሩ የተለያየ ታህት ያላቸውን ክፍልፋዮች መደመር እያስተማረ ሊያገኘው ይችላል። ልጁ ግን የጋራ ታህት እንዴት እንደሚገኝ በተነገረበት ሳምንት ማሳ ላይ ነበር። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ትርጉም ሲያጣበት በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታል ወይም አጠገቡ የተቀመጠውን ይነካካል። መምህሩ የሚያየው የማያዳምጥ ልጅ ነው፤ ማታ ደብተሩን የሚመለከት ወላጅም የሚያየው ያልተሠራ የቤት ሥራ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ «አዳምጥ» ማለት ብቻውን አይረዳም። ያመለጠው ትምህርት ተለይቶ እንደገና ሊብራራለት ይገባል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ልጁን በሥራ ወቅትም ከትምህርት አለማስቀረት ነው። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ልጁ ቤተሰቡን የሚያግዘው ከፈረቃው ውጭ ባለው ጊዜ ሊሆን ይችላል። በሕመም ወይም በሌላ አስገዳጅ ምክንያት ከቀረ ደግሞ ወላጁ ለስም ጠሪው መምህር አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ልጁም በተመለሰበት ቀን የጓደኛውን ደብተር ተውሶ ያለፈውን እንዲገለብጥና ያልገባውን እንዲጠይቅ ማድረግ ይኖርበታል። መገልበጥ ብቻውን በቂ አለመሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የተገለበጠ ደብተር የተሟላ መስሎ ስለሚታይ ወላጅንም ልጅንም ሊያዘናጋ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቤት ሥራው የሚሠራበት ሰዓት ነው። በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ ከብት አስገብቶ ወይም ውኃ ቀድቶ የሚመለስ ልጅ ደብተሩን የሚከፍተው ጨለማ ውስጥ፣ ደክሞና ርቦት ነው። የኩራዝ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ ብርሃኑም ለንባብ አይበቃም። ከተቻለ ልጁ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ጥቂት ቀምሶ፣ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል በቀን ብርሃን እንዲሠራ ማድረግ ይመረጣል። በተለይ ለሴት ልጆች ይህ ሰዓት በግልጽ ሊከበርላቸው ይገባል፤ የወንድሟ የቤት ሥራ ሲያልቅ የእርሷ ገና ሳይጀመር እንጀራ ስትጋግር የምታመሽባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። በከተማ ደግሞ ጊዜውን የሚሻማው ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ ስለሆነ የቤት ሥራው እስኪያልቅ ሁለቱም ቢዘጉ ይመከራል። ሥራው ሲበዛ ከፋፍሎ መስጠት ይረዳል፤ አንድ ትንሽ ልጅ ሦስት ጥያቄ ሠርቶ ጥቂት ቢንቀሳቀስና ቢመለስ ለአንድ ሰዓት ያለ ዕረፍት ከመቀመጥ የበለጠ ይሠራል።

ያልተማሩ ወላጆች «እኛ ምን እናውቃለን?» ሲሉ ይሰማል። ነገር ግን ደብተሩን ማንበብ የማይችል ወላጅ ልጁ የተማረውን እንዲተርክለት ማድረግ ይችላል። አስተካክሎ ማስረዳት የቻለ ልጅ ትምህርቱ ገብቶታል፤ መሐል ላይ የተደናቀፈ ደግሞ በማግስቱ ለመምህሩ የሚያቀርበውን ጥያቄ አግኝቷል። ትረካው በቤቱ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። በኦሮሚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። በቤታቸው አማርኛ የሚናገሩ የጊንጪ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ቃላቱ እስኪለመዱ ዝም ቢሉ ይህ ከትኩረት ማጣት ሊቆጠር አይገባም።

የንባብ ችሎታም ሊፈተሽ ይገባዋል። በ2002 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞንና አማርኛን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ በርካታ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ከምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። ማንበብ የማይችል ልጅ የጥያቄውን ትእዛዝ አይረዳም፤ ወላጁም ምክንያቱ ይህ መሆኑን ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

መደብደብ መፍትሔ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን ይደነግጋል። የሚፈራ ልጅ ያልገባውን ስለማይጠይቅ ክፍተቱ ተሸፍኖ ይቀራል።

አንዳንዴ ምክንያቱ ጤና ነው። ደብተሩን ወደ ዓይኑ የሚያስጠጋ፣ ሰሌዳ ለማየት ዓይኑን የሚያጠብብ፣ ከጆሮው ፈሳሽ የሚወጣ ወይም ሲጠሩት ቶሎ የማይመልስ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የአንጀት ጥገኛ ትላትሎች ደም ማነስና ድካም ስለሚያስከትሉ በትምህርት ቤት የሚሰጠውን የትላትል መድኃኒት መውሰድ ያስፈልጋል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ሌሊት ተነሥቶ ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄድ ልጅ ይህን የሚያገኘው ማታ በጊዜ ከተኛ ብቻ ነው።

እነዚህ ሁሉ ተስተካክለው ትኩረት ማጣቱና መቅበጥበጡ በቤትም በትምህርት ቤትም ከስድስት ወር በላይ ከቀጠለ፣ ሕክምና የሚያስፈልገው የትኩረት መታወክ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ለቤተሰቡ የሚቀርበው መነሻ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ጤና ጣቢያው ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ወላጁ ልጁን ይዞ ሲሄድ ሁኔታው መቼ እንደጀመረ መንገር፣ ደብተሮቹን መያዝ፣ መምህሩ በክፍል ያየውንም በጽሑፍ ማቅረብ ይኖርበታል፤ ባለሙያው በአጭር ቆይታ የማያየውን ከእነዚህ ይረዳልና።