ሁልጊዜ ማዕበል የምትለው ባሮሜትር

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የሾርባ ሰሃን የምታህል ክብ የናስ ዕቃ ተሰቅላለች። የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ሰዓት ትመስለዋለች። ጠጋ ብሎ ሲያያት ግን ቁጥሮቿ ከ28 እስከ 31 ብቻ ናቸው፤ ከቁጥሮቹ በላይ በእንግሊዝኛ «ማዕበል»፣ «ዝናብ»፣ «ለውጥ»፣ «ብራ»፣ «በጣም ደረቅ» የሚሉ ቃላት ተቀርጸውባታል። ቀስቷ ከ«ማዕበል»ም ወርዳ፣ ቁጥርም ቃልም የሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ቆማለች። ውጭ የጥቅምት ሰማይ ታጥቦ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ ጠርቷል፤ እሷ ግን ማዕበል መጣ እንዳለች ነው። «ተበላሽታለች አይደል?» ይሉኛል። አልተበላሸችም። የተሠራችው ለሌላ አገር አየር ነው።

አኔሮይድ ባሮሜትር ናት፤ አንድ ዘመዴ ለንደን ፖርቶቤሎ መንገድ ከሚዘረጋው የቅዳሜ ገበያ ገዝቶ፣ በሹራብ ጠቅልሎ ያመጣልኝ። ባሮሜትር ማለት አየርን የሚመዝን ሚዛን ነው። ነገሩ የተጀመረው ከውኃ ጉድጓድ ነበር፤ የኢጣሊያ ቧንቧ ሠሪዎች በመምጠጫ ፓምፕ ውኃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ማውጣት አቃታቸው። የፊዚክስ ሊቁ ኢቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ ከውኃ 13 ጊዜ ተኩል በሚከብደው ሜርኩሪ፣ በጥንቱ ስሙ ባዜቃ፣ ሞከረው። አንድ ጫፉ የተደፈነ የብርጭቆ ቱቦ ሞልቶ ሜርኩሪ ያለበት ሳህን ላይ ሲደፋው፣ ሜርኩሪው ወርዶ ወርዶ 76 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀጥ አለ። ደግፎ ያቆመው በሳህኑ ላይ የሚጫነው አየር መሆኑን በ1644 ለወዳጁ ጻፈ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከ4 ዓመት በኋላ የፈረንሳዊው ሊቅ የፓስካል የእህት ባል ፍሎሬን ፔሪዬ በፈረንሳይ ፒዊ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ቱቦውን ይዞ ወጣ። አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ሲል ሜርኩሪው ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ወረደ። እኛ ከመስቀል አደባባይ ተነሥተን እንጦጦ ማርያም ብንወጣ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርድልናል፤ የታክሲ ሂሳብ እንጂ የጉዞ ስንቅ አያስፈልገውም።

የእኔዋ እንቆቅልሽ የሚፈታውም እዚሁ ላይ ነው። ቁጥሮቿ ኢንች ናቸው፣ የሜርኩሪ ቁመት። ባሕር ጠርዝ ላይ አየር 30 ኢንች ገደማ ያቆማል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የእኛ አየር የሚያቆመው 22 ተኩል አካባቢ ብቻ ነው። ይህች ዕቃ ደግሞ ለባሕር ዳር ሰው የተሠራች ናት። (ከተማዋን ማለቴ አይደለም፤ እሷም 1,800 ሜትር ላይ ናትና አታድነንም።) ጋምቤላ ብትሰቀል ቀስቷ ከ28 ላይ ብድግ ትል ነበር፤ ጅቡቲ ብትሄድማ ቤቷ ገባች ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ብዬ ፒያሳ አንድ አሮጌ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድኳት። የጀርባዋን ክዳን በቀጭን ካቻቪቴ ፈታና መብራቱን ሳበ። ውስጧ እንደ ሰዓት በጥርስ ብዛት የተጨናነቀ አይደለም። መሃል ላይ ክዳኗ እንደ ውኃ ሞገድ ክብ ክብ የተሸበሸበ ቀጭን የብረት ቆርቆሮ አለች፤ አየሯ ተመጥጦ ወጥቶ የታሸገች። ባዶ ስለሆነች የውጭው አየር ሊጨፈልቃት ይገፋል፤ ከላይ አንድ ወፍራም ሞላ ወደ ላይ ይዟታል። ትግሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። አየር ሲከብድ ቆርቆሮዋ በፀጉር ያህል ትጎደጉዳለች፣ ሲቀል ትነፋለች፤ ያቺን ኢምንት እንቅስቃሴ ማንሻዎችና ክር የመሰለች ሰንሰለት አባዝተው ቀስቷን ያዞራሉ። ፈሳሽ አልባ የሆነውን ይህን አሠራር ፈረንሳዊው ሉሲየን ቪዲ በ1844 አስመዘገበው፤ ባሮሜትር ከዚያ ወዲያ ነው እንደ ልብ ከቤት ቤት የገባው።

ሰዓት ሠሪው ማስተካከያ ብሎኗን ዞር ዞር አደረጋትና ተዋት። «ጋሼ፣ ከዚህ ካለፍን ሞላው ይለቃል» አለኝ። ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «ከፈለጉ ቀስቷን ነቅዬ ‹ብራ› ላይ ላስቀምጥልዎት? እንግዳም አይደነግጥ።» በቅንነት ነው ያለው፤ እኔ ግን ሆዴ አልቆረጠም። እንዲያ ከሆነማ የግድግዳ ሥዕል ልግዛ።

ከአኔሮይድ በፊት የነበሩት የሜርኩሪ ባሮሜትሮች ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ረጅም አንገትና ክብ ፊት ያለው፣ ተገልብጦ የተሰቀለ ጭልፋ የሚመስለው የማሆጋኒ እንጨት ሥራ ነው። የእንግሊዝ ቤት ጌጥ ተብሎ ይሸጣል፤ ግን ፊቱ ላይ የተቀረጸውን የሠሪ ስም ብታነቡ ብዙ ጊዜ ኢጣሊያዊ ነው። ከኮሞ ሐይቅ አካባቢ የተነሡ ብርጭቆ ነፊዎች ወደ እንግሊዝ ተሰደው፣ ባሮሜትር በጀርባቸው አዝለው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይሸጡ ነበር። በ1850 ለንደን ላይ የተመሠረተው ስመ ጥሩ ኔግሬቲ እና ዛምብራም የስደተኞች ቤት ነው። መሸጫውን ከለመደ በኋላ ስደተኛ የማይሸጠው ነገር የለም።

ጠንቀቅ የሚያሰኘው ሌላ ነው። የሜርኩሪ ባሮሜትር ከተጋደመ ያፈስሳል፤ ትነቱ መርዝ ነው፤ አሉሚኒየም ስለሚበላም መንገደኛ በሻንጣው ይዞት አውሮፕላን ላይ አይሳፈርም። የወርቅ ቀለበት በጣት እያለ ጠብታውን መንካት ቀለበቱን ማበላሸት ነው። ለቤት፣ በተለይ ልጅ ላለበት ቤት፣ አኔሮይድ ይበልጣል ባይ ነኝ።

መግዛት ለሚፈልግ ደግሞ አንድ ነገር ልንገር። በየቱሪስት ሱቁ የሚያብረቀርቁት ሴክስታንትና አስትሮላብ የሚባሉ የድሮ መርከበኛ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ትናንት የተሠሩ ናቸው፤ የታወቀ የለንደን ስምና የድሮ ዓመት ተቀርጾባቸው። ብሎናቸውን እዩ። በመስቀል ካቻቪቴ የሚፈታ ከሆነ፣ ያ ዓይነት ብሎን የተስፋፋው ከ1930ዎቹ ወዲህ ነውና 1850 የሚለው ጽሑፍ ሐሰት ነው። ሁለተኛ፣ አትወልውሉ። አክስቴ እኔ በሌለሁበት ባለውለታ ልትሆን ብላ ባሮሜትሬን በሎሚና በአመድ አሸችልኝ። የፊት ሰሌዳዋ ናስ ላይ የተቀባ እንደ ሽፋሽፍት የሳሳ ብር ነበር፤ ከ«ዝናብ» እስከ «ለውጥ» ድረስ ተልጦ ቢጫው ወጣ። አክስቴ እስከ ዛሬ «እንዴት አማረች!» ትላለች፤ እኔም እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

መሣሪያን ከቤት ጋር ስለማዋሃድ ከተነሣ አንድ ቤት አለ፣ እኛን የሚመለከት። ከ1838 አንሥቶ 10 ዓመት ገደማ አገራችንን በቴዎዶሊት፣ ማለትም በማዕዘን መለኪያ መሣሪያ፣ እየለካ የዞረው አንቷን ዳባዲ የተራራን ከፍታ ያወቀው ውኃ አፍልቶ ነው፤ ከፍ ባሉ ቁጥር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ። አገሩ ሲመለስ ፈረንሳይ ውስጥ፣ እስፔን ድንበር አጠገብ ኦንዳይ ላይ፣ ግንብ አሠራ። ከቤቱ ክፍሎች አንዱ ከዋክብት መመልከቻ ነው፤ ትልቁ ቴሌስኮፕ ዛሬም እዚያው አለ። የመመገቢያ ክፍሉ ወንበሮች ላይ አንድ አንድ የእኛ ፊደል ተጽፏል፤ ወንበሮቹ በየቦታቸው ሲቆሙ ከዚህ ማዕድ ዙሪያ ከሃዲ እንዳይገኝ አምላክን የሚለምን ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ። አንድ ወንበር ከጎደለ ጸሎቱም ይጎድላል።

ለአዲስ አበባ ሳሎን እኔ የምመርጠው ግን ባሮግራፍ ነው። ያው አኔሮይድ ነው፤ ብዙ ቆርቆሮዎች ተደራርበውበት፣ በቀስት ፋንታ ብዕር ይዞ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዞር ከበሮ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ላይ ይጽፋል። አውሮፓ ውስጥ የሚጽፈው የዝናብና የማዕበል ታሪክ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ባለ አገር ግን አየሩ ልክ እንደ ባሕር ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ይከብዳል፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ይቀላል፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ እንደገና ይከብዳል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይቀላል። ብዕሩ በቀን ሁለት ኮረብታ፣ በሳምንት 14 ኮረብታ ይሥላል። ክረምትም ቢሆን ያው ነው።

ችግሩ የድሮ ባሮግራፍ ወረቀትም ከ28 እስከ 31 ኢንች የታተመ መሆኑ ነው። ለከፍታ ቦታ የተሠራ ይገኝ እንደሆን ዘመዴን በየቅዳሜው አስቸግረዋለሁ። ባለፈው «አገኘሁ!» ብሎ ፎቶ ላከልኝ፤ የመስታወት ሳጥኑ ንጹሕ፣ ናሱ ያልተነካ። አጉልቼ ብሎኑን አየሁት። መስቀል ነው።