የጎረቤት ባህል በሕፃናት ክፍል

ሕፃናት የሰውን ልዩነት ለማየት መምህር አይጠብቁም። ሦስት አራት ዓመት የሞላው ልጅ የቆዳ ቀለምን፣ የጸጉር አሠራርን፣ አነጋገርን ይለያል፤ የትኛው እንደሚከበርና የትኛው እንደሚናቅም ከትልልቆች ፊት ያነባል። ኬኔትና ሜሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከቀለማቸው በቀር በምንም የማይለያዩ አሻንጉሊቶችን ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው ጥቁር ልጆች አቅርበው ነበር። አብዛኞቹ ልጆች ነጩን መረጡ። ጥናቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ተማሪዎችን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው ባለበት ውሳኔ ላይ ተጠቅሷል። መምህር ዝም ቢልም ልጁ መማሩን አያቆምም ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሌላው ባህል ጎልቶ የሚታየው ኅዳር 29 ቀን ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ይህ ዕለት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ ይከበራል። ልጆች የባህል ልብስ ለብሰው ይመጣሉ፣ ይጨፈራል፣ ፎቶ ይነሣል፤ በማግስቱ የተከራዩት ልብስ ይመለሳል። በዓሉ ደስ ይላል፣ ትምህርቱ ግን ስስ ነው። አሜሪካዊቷ መምህርት ሉዊዝ ደርማን ስፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያለውን አቀራረብ የቱሪስት ትምህርት ሲሉ ተችተውታል። ልጁ እንደ ጎብኚ ብቅ ብሎ ጭፈራውን አይቶ ይመለሳል። ሰዎቹ በአዘቦት ቀን ምን እንደሚሠሩ አያውቅም፤ የሐመር ሰው ዓመቱን ሙሉ ከብት ሲዘል የሚኖር ቢመስለው አይፈረድበትም።

ለ5 ዓመት ልጅ ብሔር፣ ክልልና ቅርስ አይጨበጡም፤ እንጀራ ግን ይጨበጣል። ስለዚህ ደህና ትምህርት የሚነሣው ሁሉም ቤት መልስ ካለው ጥያቄ ነው፦ እናንተ ቤት ምን ይቦካል? አንዱ የጤፍ ሊጥ ይላል፣ ሌላዋ የአያቷን ቆጮ ታነሣለች። መምህሯ ከዚያ ትቀጥላለች። ቆጮ የሚሠራበት እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ሲደርስ ይፋቃል፣ በቅጠሉ ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል፤ ከዚያ በቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይጋገራል። የጤፉ ሊጥም በእርሾ ጥቂት ቀን ቆይቶ ወደ ምጣድ ይሄዳል። ሁለቱም እንደሚቦኩ ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። «ቆጮ ይሸታል» የሚል አይጠፋም። ቁጣ አያስፈልግም፤ የጤፉን ቡሃቃ ከፍቶ ማሽተት ይበቃል።

በዓልም ቢሆን በዚሁ መንገድ ሲገባ ፍሬ አለው። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላም ልጆች ከጎረቤት ጎረቤት እየዞሩ መልካም ምኞት ይገልጻሉ፤ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚዘጋጅ ቡርሳሜም ይቀርብላቸዋል። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚያነቡ አዋቂዎች ናቸው፤ በዓሉን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። ለልጆች የሚገርማቸው መዝገቡ ሳይሆን እዚያም ልጅ በር እያንኳኳ መዞሩ ነው።

አንድ ስሕተት ግን ደግመው ደጋግመው የሚሠሩት ቅን መምህራን ናቸው። በክፍሉ ያለውን ብቸኛ የጋምቤላ ልጅ አስነሥተው «እናንተ ጋ እንዴት ነው?» ይሉታል። ልጁ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆንም የሕዝብ ቃል አቀባይ መሆን የ6 ዓመት ልጅ ሥራ አይደለም። ጥያቄው ለሁሉም እኩል ሲቀርብ፣ ስለ ራሱ ቤት መናገር የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገም ይሰማል። ወላጅ ወይም አያት ክፍል ድረስ መጥተው እንሰት ሲፋቅ ወይም ጥጥ ሲፈተል ቢያሳዩ ከማንኛውም ሥዕል ይበልጣል። የብሔር ስሞች ዝርዝር፣ ካርታውና ዓመተ ምሕረቱ ልጆቹ ከፍ እስኪሉ ድረስ ቢቆይ የሚጎድልባቸው ነገር የለም።