ጅራፍ የምታጮኽ ኮከብ

በቡሄ ሰሞን ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ያ «ጧ!» የሚለው ድምፅ ከየት ይመጣል? ጅራፉ መሬት ስለነካ አይደለም። ጫፉ ከድምፅ በልጦ ስለሚፈጥን ከፊቱ ያለው አየር ገለል ለማለት ጊዜ ያጣና በድንገት ይታመቃል። የፊዚክስ ሰዎች ይህን የታመቀ ግፊት ሾክ ዌቭ ይሉታል። (ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል እንጂ የሚጮኸውስ አየሩ ነው።) ነጎድጓድም ከዚሁ ወገን ነው።

ይኸው ነገር በአንዳንድ ከዋክብት ከባቢ አየር ውስጥም ይደረጋል። ሚራን እንውሰድ። በ1596 እ.ኤ.አ. ዳቪድ ፋብሪሲየስ የተባለ ጀርመናዊ ቄስ አያትና ቆይታ ጠፋችበት፤ በ1609 ግን ተመልሳ ታየችው። ከዋክብት አይለወጡም በሚባልበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሚራ በዕድሜ የገፋች ቀይ ግዙፍ ኮከብ ናት፤ በ332 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ አብጣ ትኮማተራለች። ከገጿ በታች ያለው የጋዝ ሽፋን ሙቀቱን እንደ ድስት ክዳን ያፍነዋል፤ ግፊቱ ሲበረታ ክዳኑ ይነሣል፣ ሙቀቱ ሲያመልጥ ይወርዳል። ታዲያ ወደ ላይ የተወረወረው ጋዝ ገና ሲወርድ ቀጣዩ ትርታ ከሥር ይደርስበታል። በዚያ ጋዝ ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው፤ ሞገዱ ግን ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ሾክ ዌቭ ሆነ ማለት ነው።

በምን ታወቀ? የሚራ ገጽ ሙቀት 3000 ኬልቪን ያህል ነው፤ ይህ ሃይድሮጅንን ደምቆ እንዲያበራ ለማድረግ አይበቃም። ሆኖም ብርሃኗ በስፔክትሮስኮፕ ሲተነተን፣ በየዑደቱ በደመቀችበት ጊዜ የሃይድሮጅን ብሩህ መስመሮች ይወጣሉ። ሞገዱ ያለፈበት ጋዝ በግጭቱ ግሏል።

ተማሪ «በሕዋ ድምፅ የለም አላላችሁም?» ብሎ ቢያፋጥጠን፣ ባዶ ሕዋ ሌላ፣ የኮከብ ጋዝ ሌላ ነው።

ሞገዱ ያነሣው ጋዝ ከፍ ብሎ ሲቀዘቅዝ አቧራ ይሆናል። የኮከቧ ብርሃን አቧራውን ይገፋዋል፤ አቧራውም ጋዙን እየጎተተ ይሄዳል። ሚራ በዚህ መንገድ ገላዋን እየበተነች ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. 13 የብርሃን ዓመት የሚረዝም ጅራት እንዳላት ታወቀ። የኛይቱም ፀሐይ፣ ከ5 ቢሊዮን ዓመታት በኋላ ይሁን እንጂ፣ ወደዚሁ ዕድሜ ትደርሳለች።

በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሚራ ከአናታችን ብዙም አትርቅም። በደመቀችበት ዓመት በዓይን ብቻ ትታያለች፤ በደበዘዘችበት ግን ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።